ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ክኒን ከየት መጣ? ጥቅሙና ጉዳቱስ እንዴት ይመዘናል?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስታቲን ስለሚባለው መድኃኒት ነው። ናይሮቢ ለሕክምና ተልከው ከተመለሱ ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ይህን ክኒን ይዘው ይመጣሉ። ጥቂት ቀን ወስደው ግን «ጡንቻ ይበላል» የሚል ወሬ ሲሰሙ ያቆሙታል። ስጋቱ እንዲሁ የተፈጠረ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ታሪኩን ስናውቅ የሚያስፈራውን ከማያስፈራው እንለያለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኑሮ ሲለወጥ

ኮሌስትሮል ጉበታችን የሚሠራው፣ ከምግብም የምናገኘው ቅባት መሰል ነገር ነው። ለሰውነት ያስፈልጋል። ሲበዛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ መንገዱን ያጠባል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያመጣል።

በ1962 ጄራልድ ሼፐር የተባሉ ሐኪም በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ የሳምቡሩ አርብቶ አደሮችን አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። ዋና ምግባቸው ወተት ቢሆንም የደማቸው ኮሌስትሮል ዝቅተኛ ነበር። ሰዎቹ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ከከብቶቻቸው ኋላም ብዙ ይጓዙ ነበር። በ1990 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከምዕራብ ኬንያ ገጠር ወደ ናይሮቢ የገቡ የሉኦ ተወላጆችን ተከታትሎ፣ የደም ግፊታቸው ገጠር ከቀሩት ሰዎች ከፍ ማለቱን አሳየ። ከተማ ሲገቡ የሚበሉት ጨው ጨምሮ ነበር።

ስለዚህ «አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ ኖረዋል» ስንል፣ አባቶቻችን በሬ ጠምደው ይውሉ እንደነበርም እናስታውስ። ስደት ኑሯችንንም፣ ምግባችንንም፣ እንቅስቃሴያችንንም ለውጧል።

ከሻጋታ የተገኘ መድኃኒት

አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ከ1971 ጀምሮ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት ዓይነቶችን ፈተሹ። በ1973 ከአንድ ሻጋታ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚያግድ ነገር አገኙ። ጉበት የራሱ ሲያንሰው ከደም ውስጥ እየሳበ ይወስዳል፤ በደም ያለውም ይቀንሳል። ያ የመጀመሪያው መድኃኒት በውሾች ላይ በታየ ስጋት በ1980 ተቋረጠ። ሎቫስታቲን የተባለው ሌላው ግን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ጥርጣሬውን የሰበረው በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ አገሮች ጥናት ነው። 4,444 የልብ ሕመምተኞች በሁለት እኩል ተከፈሉ። ከአምስት ዓመት በላይ ሲታዩ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 256 ሲሞቱ፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት የሞቱት 182 ነበሩ።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በነሐሴ 2001 ባየር የተባለው ኩባንያ ባይኮል የሚባለውን ስታቲን ከገበያ አወጣ። ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊት በሚያበላሽ ሕመም ምክንያት በዓለም ዙሪያ 52 ሰዎች መሞታቸው ከዚህ መድኃኒት ጋር ተያይዞ ተዘግቦ ነበር። አደጋው የባሰው ከፍተኛ መጠን በወሰዱትና ጌምፋይብሮዚል ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር በደረቡት ላይ ነበር። ባይኮል ዛሬ የለም፤ ስሙ ያስከተለው ፍርሃት ግን ቀረ።

ዛሬ በሥራ ላይ ባሉት ስታቲኖች እንዲህ ያለው ከባድ ጉዳት በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ቀላል የጡንቻ ሕመምስ? በ2020 በታተመ የለንደን ጥናት፣ ስታቲን አስቸግሯቸው ያቆሙ 60 ሰዎች አንዳንዱን ወር እውነተኛውን፣ አንዳንዱን ወር ባዶውን ክኒን ሳያውቁ ወሰዱ። ከስሜታቸው 90 ከመቶ ያህሉ በባዶው ክኒንም ታየ። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ክኒኑ አይደለም። በሌላ በኩል ስታቲን የደም ስኳርን በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለያዘው ሰው ሚዛኑ በግልጽ ወደ ክኒኑ ያደላል። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ አብዛኞቹ የስኳር ሕመምተኞችም እንዲሁ ነው። ኮሌስትሮሉ ትንሽ ከፍ ላለና ሌላ ችግር ለሌለበት ወጣት ግን መጀመሪያ ምግብና እንቅስቃሴ ይበቃው ይሆናል። ይህን ከሐኪም ጋር መመካከር ነው።

ስለዚህ፦

• ክኒኑን በራሳችሁ ውሳኔ አታቁሙ። ኮሌስትሮል ስለማያም፣ ሲቀንስም ሲጨምርም አይሰማም።
• ምክንያቱ ያልታወቀ ብርቱ የጡንቻ ሕመም ወይም ድካም ከመጣ፣ ወይም ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ክኒኑን ትታችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ኑ።
• የኤችአይቪ፣ የቲቢ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አንዳንዶቹ ከስታቲን ጋር አይስማሙም።
• ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለመውለድ የምታስቡ እናቶች ለነርሷ ንገሩ።
• የጎረቤትን ክኒን አትዋሱ፤ የእናንተንም አታውሱ።
• ዘይትና ጨው ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ፣ ሲጋራ ተዉ።

አኪራ ኤንዶ በ2024 በ90 ዓመታቸው አረፉ። የጀመሩት ሥራ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። ክኒኑ የሚጠቅመው ግን ለሚያስፈልገው ሰው፣ በትክክል ሲወሰድ ነው። ጥርጣሬ ያደረባችሁ ዝም ብላችሁ ከመጣል ክኒኑን ይዛችሁ መጥታችሁ ጠይቁን። ሰላምና ጤና ለሁላችን ይሁን።