ደማቅ ሰያፍ ፊደል፦ አመጣጡና አገልግሎቱ



የመመረቂያ ጽሑፎችን ሳርም ከማያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ተማሪው የወደደውን ሐሳብ ሁሉ ደማቅም ሰያፍም ያደርገዋል። ገጹ በሙሉ ሲጮኽ የሚሰማ ድምፅ አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ቅርጽ ታሪክ ላወሳ ወደድሁ።

ሁለቱ ባሕርያት በአንድ ዘመን አልተወለዱም። ሰያፉ የቬኒስ ልጅ ነው። አታሚው አልዱስ ማኑቲዩስ እ.ኤ.አ. በ1501 የቨርጂልን ሥራዎች በትንሽ መጽሐፍ ሲያወጣ ፊደሉን የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነበር። አርአያው የዘመኑ ሊቃውንት የእጅ ጽሕፈት ነው። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ሰያፍ ፊደል አንድን ቃል ማጉያ አልነበረም፤ መጽሐፉ የታተመው በእርሱ ነው። ለቀጥተኛው ፊደል ረዳት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ደማቁ ግን የኢንዱስትሪ ዘመን ልጅ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ለግድግዳ ማስታወቂያ ወፋፍራም ፊደላት ተቀረጹ። ሮበርት ቤስሊ እ.ኤ.አ. በ1845 ያስመዘገበው ክላረንደን ደግሞ ድምቀትን ወደ መጽሐፍ ገጽ አመጣው፤ በመዝገበ ቃላት ዐይን ዋናውን ቃል ፈጥኖ እንዲያገኝ ረዳ።

የሁለቱ ጋብቻ፣ ማለትም ደማቁ ሰያፍ፣ ቋሚ የቤተሰብ አባል ሆኖ የጸናው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ትክክለኛ ሥራውን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የጤፍ ሳይንሳዊ ስም፣ ኤራግሮስቲስ ጤፍ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሰያፍ ይሆናል። ስሙ በደማቅ ርእስ ውስጥ ሲገባ ድምቀቱን ከርእሱ፣ ስያፌውን ከሥርዓቱ ይወስዳል። እዚህ ላይ ቅርጹ ጌጥ ሳይሆን ትርጉም ነው።

በሰሪፍ ፊደል፣ ማለትም ጫፉ አጫጭር ጭረት ባለው ቅርጽ፣ እውነተኛ ሰያፍ ቀጥተኛውን በማዘንበል አይገኝም፤ ለብቻው ይሣላል። በብዙዎቹ የላቲኑ «ኤፍ» እግሩን ከመስመር በታች ይዘረጋል።

የግእዝ ፊደል በዚህ መንገድ አላለፈም። ጸሐፍቶቻችን የምዕራፍ መግቢያንና የቅዱሳንን ስም የለዩት በቀይ ቀለም ነው። ዛሬ ኮምፒውተሩ ደማቅ ሰያፍ የሌለውን የግእዝ ፎንት ራሱ ያዘነብለዋል፤ ራሱ ያወፍረዋል። በትንሽ መጠን የ«ቤ» ቀለበት ስትደፈን ከ«ቢ» ጋር ትምታታለች። አንባቢውን ለመርዳት የተጨመረ ምልክት ንባብን ያሰናክላል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በላቲን ፊደል ሥርዓቱ በሚጠይቅበት ቦታ ደማቅ ሰያፍን ተጠቀሙ። በአማርኛ ግን ለመጽሐፍ ርእስ ትእምርተ ጥቅስ፣ ለክፍል ርእስ በአግባቡ የተሣለ ደማቅ ፊደል ይበቃል። ሐሳቡን የሚያጎላው ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይሁን።