በወረቀት የተዘጋ፣ ያለ ወረቀት የተከፈተ ድንበር

«ቆሼ» ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የቆሻሻ ክምሩ ነው። በርበሬ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ሌላዋን ቆሼ ያስባል፤ ከቡታጅራ ወዲያ ያለችውን የማረቆ ከተማ። የማረቆ በርበሬ በዛላው ትልቅነት፣ በቀለሙና በማቃጠሉ የታወቀ ነው። «ማረቆ ፋና» የተባለው የበርበሬ ዝርያም ስሙን የወሰደው ከዚሁ አካባቢ ነው። ክረምቱ አልፎ ዛላው ከቀላና ከደረቀ በኋላ፣ ከቆሼ የተነሳው ጆንያ በደላላና በነጋዴ እጅ አልፎ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ይደርሳል።

ገበሬው ጆንያው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አያይም። የሚቆረጥለት ዋጋ ግን በመንገዱ ጫፍ ስንት በር እንደተከፈተ ይወሰናል። በር ሲዘጋ ደግሞ ለገበሬው ማንም ደብዳቤ አይጽፍለትም። ከእነዚህ በሮች ትልቁና ቅርቡ እንዴት እንደተዘጋ ማስታወስ ዛሬም ይጠቅማል።

ኤርትራ በግንቦት 1985 ነፃነቷን ስታውጅ ሁለቱ አገሮች ባንዲራ ተለያዩ እንጂ ገበያ አልተለያዩም። በአስመራም በአዲስ አበባም የሚሠራው ብር ነበር። ነጋዴ ወደ አስመራ ጤፍ ወይም ቡና ሲልክ ወደ ደሴ እንደሚልክ ያህል ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ አብዛኛው በአሰብ ያልፍ ነበር። ኤርትራም ለውጭ ገበያ ከምታቀርበው ዕቃ አብዛኛውን የምትሸጠው ለኢትዮጵያ ነበር። በስም ባይጠራም የጋራ ገበያ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1990 መጀመሪያ ወራት ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። አስመራ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ፈለገች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ የብር ኖቶቿን ቀየረች። ከ2,000 ብር በታች ካለው የድንበር አካባቢ ንግድ በቀር ሌላው በውጭ ምንዛሪና በባንክ ኤልሲ እንዲሆን ወሰነች።

ብዙ ሰው ድንበሩ የተዘጋው በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር ይመስለዋል። ለጤፍና ለቡና ነጋዴው ግን በሩ ከዚያ ከወራት በፊት ጠቦ ነበር። ኤልሲ ለመክፈት ዶላር፣ ባንክና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ትልቅ አስመጪ ይህን ሊወጣው ይችላል። ሃያ ጆንያ ይዞ የሚነግድ ሰው ግን ንግዱን ይተወዋል። ታንኩ የመጣው ወረቀቱ ግማሹን ሥራ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። የወደብ ሥራው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከአሰብ ይመጣ የነበረውን ጨው የአፍዴራ ጨው ተካው። አሰብ ጭር አለች። መንግሥታት ምትክ አገኙ፤ ተመሳሳይ እንጀራና ተመሳሳይ ወጥ የሚበላውን የጎረቤት ገበያ ግን የሚተካ አልተገኘም።

መስከረም 1 ቀን 2011 በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ድንበሩ ሲከፈት ይህ ወዲያው ታየ። ጤፉ፣ እህሉ፣ የግንባታ ዕቃው ወደ አስመራ ጎረፈ፤ እዚያም ዋጋ ወረደ። ሁለቱም ወገን የናፈቀው ምን እንደነበር ለማወቅ ጥናት አላስፈለገም። ነገር ግን ቀረጥ ማን እንደሚሰበስብ፣ ብርና ናቅፋ በስንት እንደሚመነዘሩ፣ ምን በምን ወረቀት እንደሚያልፍ የታወቀ ሥርዓት አልነበረም። በታኅሣሥ የዛላምበሳ በር ተዘጋ፤ ሌሎቹም በወራት ውስጥ ተከተሉ። በ1990 ድንበሩን ያጠበበው ወረቀት ነበር። በ2011 ደግሞ ክፍት ሆኖ እንዳይዘልቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የወረቀት አለመኖር ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ገበያ ስትወጣ ቀረጥ አልተጣለባትም ነበር። ሆኖም ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥጋና አይብ የጫነ መኪና የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅ ጀመር። የስኮትላንድ ገበሬ ለአውሮፓ ይሸጠው የነበረው የዘር ድንችም ተከለከለ። እዚያም መጀመሪያ ገበያውን የተወው ትንሹ ላኪ ነው።

«ጎረቤት ቢዘጋ ለአውሮፓ እንሽጥ» የሚል አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ግን በበርበሬ ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይላል። መሬት ላይ የተሰጣ ዛላ፣ ሚዛን እንዲጨምር ውሃ የተርከፈከፈበት ጆንያ ይህን ፈተና አያልፍም። በእርግጥ ማስተካከል ይቻላል፤ የማድረቂያ ቦታ፣ መጋዘን፣ ላቦራቶሪ ሲኖር። ያ እስኪሆን ግን የበርበሬውን ልክ የሚያውቀው ገበያ የቅርቡ ነው።

ዛሬ ስለ ኤርትራ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ወደብና ስለ ጦር ነው። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ወሬው ስለ መተቃቀፍ ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ ሳይነሣ የሚቀር ጥያቄ አለ፦ ጆንያው ሲሻገር በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል? ማን ይቀርጣል? ማን ይመረምራል? ይህ ተጽፎና ተፈርሞ ካልተቀመጠ የሚቀጥለው መክፈቻም እንደ 2011ዱ የጥቂት ወራት ድግስ ሆኖ ይቀራል። ድግሱ ሲያልቅ ኪሳራው የሚቆጠረው በቤተ መንግሥት አይደለም፤ እንደ ቆሼ ባለ ገበያ፣ ሚዛን ላይ ነው።