ከቧንቧው እስከ ኩባያው፦ የባቲና የመሰሎቿ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ታሪክ

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ አሰብ በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ፣ የወሎ ደጋ አልቆ የአፋር ቆላ ከሚጀምርበት ተረተር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በአሁኑ አከላለል በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ከሁሉ በላይ የምትታወቀው በሰኞ ገበያዋ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። በዚያ ቀን የከተማዋ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የመጣው ሁሉ ውኃ ይጠጣል፣ ይጸዳዳል፣ ሲመሽ ወደየአገሩ ይመለሳል።

ይህን ገበያ የጤና ባለሙያ በሌላ ዓይን ሊያየው ይገባል። የኮሌራ ምልክት ተሕዋሱ ወደ ሆድ ከገባ በኋላ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። የታይፎይድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ሰኞ ባቲ ላይ የተበከለ ውኃ የጠጣ ሰው የሚታመመው ሚሌ፣ ገርባ ወይም ስሙ በካርታ ላይ በሌለ መንደር ሊሆን ይችላል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም በዚያው ነው። በባቲ ጤና ተቋም የተመዘገበው የተቅማጥ ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን የባቲ ውኃ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ኮሌራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በተደጋጋሚ የገባው በአብዛኛው ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ የሲራራ ነጋዴውንና የሠራዊቱን መንገድ ተከትሎ ነበር። ከእነዚህ ወረርሽኞች በሐኪም ዓይን ታይቶ የተጻፈው የ1866 (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን ይዘው በጣና ዳር ከዘጌ ወደ ቆራጣ ሲዘዋወሩ ኮሌራ ሰፈሩን አጠቃው። ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከራሳም ጋር የመጣውና በኋላም አብሮት የታሰረው ዶክተር ሄንሪ ብላንክ፣ ንጉሡ ምክር ሲጠይቁት ቆላውን ለቅቀው በፍጥነት ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ ነገራቸው፤ ሠራዊቱም ወጣ። ምክሩ በዘመኑ ከነበረው የመጥፎ አየር አስተሳሰብ ጋር የሚስማማ ነበር። ሆኖም የረከሰውን የሐይቅ ዳርቻ ያስለቀቀ በመሆኑ ዛሬም ቢሆን ስሕተት የሚባል አይደለም።

በዚያን ጊዜ ጆን ስኖው በለንደን የብሮድ ጎዳናውን የእጅ ፓምፕ እጀታ ካስነቀለ 12 ዓመት አልፎታል። ቢሆንም አሳቡ በሐኪሞች ዘንድ ገና አልጸናም። ክርክሩን የዘጋው የ1892 (እ.ኤ.አ.) የሐምቡርግ እልቂት ነው። ሐምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውኃ ሳያጣራ በቧንቧ ያከፋፍል ነበር። ጎረቤቱ አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም ከሐምቡርግ ቆሻሻ መውረጃ በታች እየቀዳ በአሸዋ ያጣራ ነበር። በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው ሲሞት አልቶና በአመዛኙ ዳነች። በድንበሩ ጎዳና ከአንዱ ወገን ያሉት ቤቶች ሲታመሙ ፊት ለፊታቸው ያሉት ደኅና ነበሩ። ሮበርት ኮክ ይህን መርምሮ አስረዳ። ከታሪኩ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ በሐምቡርግ በሽታውን ለየቤቱ ያዳረሰው የሥልጣኔ ምልክት የነበረው ቧንቧ ራሱ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ስቦ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ሕዝቡን ያስደነቀው ውኃ ሽቅብ መውጣቱ ነበር። ውኃው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ አልተነሣም፤ ሊነሣም አይጠበቅም ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ ወዲህ ባለፉት ከ100 በላይ ዓመታት በአገራችን ትንንሽ ከተሞች የውኃ ፕሮጀክት የሚመረቀው በዚያው ስሜት መሆኑ ነው። ውኃው መጣ ይባላል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ስለ ጥራቱ የሚነገር ነገር ካለ የጉድጓዱ ውኃ በተቆፈረበት ሰሞን መመርመሩ ነው።

ጥያቄውን በየወረዳው ያነሣል ተብሎ የሠለጠነ ባለሙያ ግን ነበረን። በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ካስከተለው እልቂት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ይከድናል፣ መጸዳጃ ቤት ያስቆፍራል። በሽተኛውን የሚያየውና ምንጩን የሚያየው በአንድ ግቢ ውለው ያድሩ ስለ ነበር መረጃው ከካርድ ክፍሉ ወደ ምንጩ ለመድረስ ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር። ኮሌጁ በኋላ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤትነት ተለወጠ፤ የከተማ ውኃም ከማዘጋጃ ቤት እየወጣ የራሱ መሥሪያ ቤት ያለው ሥራ ሆነ። ሁለቱም ለውጦች የየራሳቸው ጥቅም ነበራቸው። ነገር ግን ውኃው የመሐንዲስ፣ ተቅማጡ የሐኪም ሆኖ ሲከፈል መካከል ላይ የቆመው ባለሙያ ሳሳ።

ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ወደ አፍሪካ ሲደርስ ኢትዮጵያም አላመለጠችም። በዚያን ዘመን አገሮች ንግዳችንና ቱሪዝማችን ይጎዳል ብለው ኮሌራን በስሙ መጥራት ይፈሩ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የጊኒን ወረርሽኝ ያለ መንግሥቷ ፈቃድ እስከ ማወጅ የደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችን ይህ ፍርሃት ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ተሻገረ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ባቲ ከኮረምና ከመቀሌ ጋር ስሟ በዓለም ዜና ሲነሣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች በመጠለያ ጣቢያዋ ሰፍረው ነበር። በዚያ ረሃብ የመጠለያ ጣቢያዎች ሰዎች ያለቁት በረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ታይፈስና ግርሻም ፈጅቷቸዋል። የረድኤት ሠራተኞች በአገሪቱ ካምፖች ኮሌራ ገባ ሲሉ መንግሥት ቃሉን ለመቀበል አልፈለገም። በዚያው ዓመት በሰሜን ሶማሊያ በጋነት ካምፕ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ግን በኮሌራ ሲያልቁ በሽታው በስሙ ተጽፏል።

በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ብዙ ክልሎች ሲዛመት ይፋ ስሙ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር፤ ሕዝቡም አሳጥሮ አተት አለው። ቤተ ሙከራ ቪብሪዮ ኮሌራ ኦ1ን አግኝቶ ነበር። ለግለሰቡ ሕክምና ስሙ ለውጥ አያመጣም፤ ኦ.አር.ኤስ.ና ሪንገር ላክቴት ለሁለቱም ያው ናቸው። ለቧንቧው ግን ለውጥ ያመጣል። ተቅማጥና ትውከት ሲባል ጣት ወደ ቤተሰቡ እጅ፣ ወደ ማዕድ ቤቱና ወደ ጥሬ ሥጋው ይቀሰራል፤ ኮሌራ ሲባል ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ውኃውን የሚያከፋፍለው አካል ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኙን ኮሌራ ብላ ይፋ ማድረጓ፣ ቀጥሎም እስከ 2028 (እ.ኤ.አ.) የሚዘልቅ ኮሌራን የማጥፋት ዕቅድ ማውጣቷ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ የመጣ መልካም ለውጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡት ምእመናን መካከል የተነሣው ወረርሽኝም በስሙ ተጠርቷል። በነገራችን ላይ የበርሜል ጠበልና የባቲ ገበያ ለኮሌራ አንድ ናቸው፤ ከሩቅ የመጣ ብዙ ሕዝብ በአንድ ውኃ ዙሪያ ይሰበሰባል፣ ከዚያም ይበተናል።

ታይፎይድ ደግሞ የራሱ የተድበሰበሰ ታሪክ አለው። የቧንቧ ውኃን ደኅንነት ለመለካት በሌሎች አገሮች ታሪክ ከታይፎይድ የተሻለ ምስክር አልነበረም፤ ከተሞች ማጣራትና ክሎሪን መጨመር ሲጀምሩ የታይፎይድ ሞት መውረዱ ለሁሉ የሚታይ ነበር። በእኛ ጤና ጣቢያዎች ታይፎይድ የሚባለው በአብዛኛው በአንድ የዊዳል ምርመራ ነው። ዊዳል በ1896 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ምርመራ ሲሆን፣ በሽታው በተለመደበት አካባቢ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ብዙም አያስተማምንም። ትኩሳት ያለው ሁሉ ታይፎይድ ከተባለ መዝገቡ በዓመቱ ሙሉ ከፍ ብሎ ይኖራል፤ እውነተኛው ወረርሽኝ ሲመጣ ከዚያ ከፍታ ላይ ተነሥቶ ላይታይ ይችላል። በሽተኛውም «የውኃ ለውጥ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ አባባሉ ከላቦራቶሪው ወረቀት የተሻለ ለእውነቱ ይቀርባል።

በትንሽ ከተማ ቧንቧ ውኃው የሚበከለው የትና እንዴት ነው? ጥልቅ ጉድጓድ በደንብ ከተሠራ ውኃው ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ይቆማል፤ ውኃ በፈረቃ ይለቀቃል። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ በተሰነጠቀው መስመርና በላላው መጋጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለውን የረጠበ አፈር ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። መስመሩ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወይም በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ካለፈ የሚስበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንድ ቤተሰብ በመስመሩ ላይ መሳቢያ ፓምፕ ከገጠመ የጎረቤቱን ቧንቧ ጭምር ባዶ ያደርገዋል። ውኃው ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለስ ቀድሞ የሚወጣው ያ የተሳበው ነው፤ ውኃ ናፍቆ ያደረው ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ጄሪካን ለመድፋት አይጨክንም። በፈረቃ የሚገኝ ውኃ መጠራቀሙም አይቀርም፤ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በጄሪካን ይከርማል፤ በእጅ የተያዘ ኩባያ ይጠልቅበታል።

ለዚህ ሁሉ መከላከያው በውኃው ውስጥ የሚተርፈው ክሎሪን ነው። ክሎሪኑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከውኃው ጋር ከቆየ በኋላ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ተርፎ ተጠቃሚው ዘንድ ሊደርስ ይገባል። የኮሌራ ሥጋት ባለበት ጊዜ በሕዝብ ቦኖዎች 1 ሚሊ ግራም እንዲሆን ይመከራል። ውኃው ከደፈረሰ ክሎሪኑ በድፍርሱ ይበላል። የክሎሪን ዱቄትም በሙቀት ተከማችቶ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ እንደ ባቲ ባለ ሞቃት ከተማ በቆርቆሮ መጋዘን የከረመ ዱቄት በመመሪያው ልክ ቢጨመር እንኳ የሚፈለገውን ላያደርግ ይችላል። ክሎሪን ሁሉን እንደማይገድልም መታወስ አለበት፤ በ1993 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ወደ 400,000 ሰው ያሳመመው ክሪፕቶስፖሪዲየም ክሎሪን ባለው ውኃ ውስጥ አልፎ ነው የመጣው።

የትንሽ ከተማ ቧንቧ ድኅነት የወለደው ችግር ብቻ እንዳልሆነ የካናዳዋ ዎከርተን ታሳያለች። ዎከርተን ወደ 4,800 ነዋሪ ያላት የኦንታሪዮ ከተማ ናት። በግንቦት 2000 (እ.ኤ.አ.) ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ ጥልቀት ወደሌለው አንድ የከተማው ጉድጓድ አስገባው። ሠራተኞቹ የክሎሪኑን መጠን በየቀኑ ሳይለኩ በመዝገብ ላይ እንደ ለኩ አድርገው ቁጥር መጻፍ ለምደው ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት ውኃው መበከሉን ሲያሳይ ኃላፊው ደበቀ፤ የጤና ቢሮው ሲጠይቅም ውኃው ደኅና ነው አለ። ነገሩን ያወጣው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸውን ሁለት ሕፃናት ያየ የሕፃናት ሐኪም ጥርጣሬ ነው። ሐኪሙ ለጤና ቢሮው ደወለ፤ ቢሮውም ከሁለት ቀን በኋላ የራሱን ናሙና ውጤት ሳይጠብቅ ሕዝቡ ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ አወጀ። ከ2,300 በላይ ሰው ታመመ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው የዳኛ ኦኮነር ኮሚሽን በ1994 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በጉድጓዱ ላይ ክሎሪንና ድፍርስ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ በተገታ ነበር ብሏል። ባለሀብት አገርና የሠለጠነ ላቦራቶሪ ነበሩ፤ የጎደለው በየዕለቱ በእውነት የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው።

በአገራችን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ባካሄዱት ፈጣን የውኃ ጥራት ዳሰሳ፣ የተሻሻሉ ከሚባሉት የውኃ ተቋማት የባክቴሪያ መመሪያውን ያሟሉት 72 በመቶው ነበሩ። የከተማ ቧንቧ 88 በመቶ ገደማ በማስመዝገብ ከሁሉ ተሻለ፤ «የተጠበቁ» የተባሉት ምንጮች ግን ግማሽ እንኳ አልሞሉም። ቁጥሩ ለቧንቧ የሚያኮራ ቢመስልም ናሙናው የአንድ ቀን መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ፈረቃው ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ውኃው በተመለሰ በመጀመሪያው ሰዓት የተቀዳ ናሙና ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የኢ. ኮላይ ምርመራን በቤተሰብ ዳሰሳ ውስጥ ሲያካትት፣ በቤት የተቀመጠው ውኃ ከተቀዳበት ቦታ ይልቅ ተበክሎ መገኘቱ ተረጋግጧል። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት ውኃ አጋርና ቢሻን ጋሪ የመጡትም ይህን የመጨረሻ ክፍተት ለመሙላት ነው።

የሕብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ጥራቱ በጤና ባለሥልጣን ሳይረጋገጥ የመጠጥ ውኃ ለሕዝብ ማቅረብን ከልክሎ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661 ተተካ። በሕጉ ከተፈቀደለት ሥልጣን ይልቅ የጤና ባለሙያውን ያገደው መለኪያ ማጣትና የሥራ ግንኙነት መጥፋት ነው። ቀሪ ክሎሪንን የምትለካው የዲ.ፒ.ዲ. ኪስ መሣሪያ በእጅ ትያዛለች፤ ውጤቱን ለማንበብ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። እንደ ባቲ ባለች ከተማ መለካት ያለበት ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው ቧንቧ ሳይሆን ከማጠራቀሚያው እጅግ በራቀው ቦኖ ነው፤ ጊዜውም እሑድ ማታና ሰኞ ጧት፣ ገበያተኛው ግመሉን ሳያራግፍ።