ያለፈውን አስታውሶ የነገውን መርሳት

እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 በአሜሪካ ቨርሞንት፣ ካቨንዲሽ አጠገብ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ የነበረው ፊኒያስ ጌጅ ባሩድ ይጠቀጥቅበት የነበረው ብረት ተፈናጥሮ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። እሱ ግን ተረፈ። ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚነገረው ስለ ጠባዩ መለወጥ ነው። ሐኪሙ ጆን ሃርሎ በ1868 ያሳተመው ዘገባ ግን ብዙዎች ያላተኮሩበት ነገር ይዟል፦ ጌጅ ያለፈውን በትክክል ያስታውሳል፤ ለወደፊቱም ብዙ ያቅዳል፤ ያቀደውን ግን ወዲያው ይተወዋል። ያለፈውን ማስታወስና ያሰቡትን በሰዓቱ ማስታወስ የተለያዩ መሆናቸውን ሕክምናው ለማየት ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀበት፣ እንደሚመስለኝ፣ በማስታወስ ፈተናዎቹ አሠራር ምክንያት ነው። ለምሳሌ በሥነ ልቦና ባለሙያው ዌክስለር የ1945 የማስታወስ መመዘኛ መርማሪው ይጠይቃል፣ ተመርማሪው ይመልሳል። ጠያቂው ሳያውቀው አስታዋሽ ሆኗል ማለት ነው። መድኃኒቱን ሊውጥ ያሰበን ሰው ግን ሰዓቱ ሲደርስ የሚጠይቀው የለም። በ1985 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የሪቨርሚድ የማስታወስ ፈተና ይህን ቀየረው፤ የታካሚው ዕቃ ይደበቃል፣ ፈተናው ሲያበቃ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ «ዕቃዬን» ማለት አለበት።

የጌጅ ችግር መርሳት ሳይሆን አለመጽናት ነበር የሚል ይኖራል። ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ ከሃርሎ ቃል ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሆኖም ቲም ሻሊስና ፖል በርጅስ በ1991 ያጠኗቸው ሦስት ሰዎች ጭንቅላታቸው ተጎድቶ የፊተኛው አንጎላቸው ቢታመምም በተለመዱት ፈተናዎች ብዙም አልተቸገሩም፤ ገበያ ወጥተው ጥቂት ጉዳዮች እንዲፈጽሙ ሲታዘዙ ግን አንዱን ጀምረው ሌላውን ጣሉ። ጌጅ ራሱ በኋላ ቺሊ ውስጥ ለዓመታት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። ይህ የሚያስገርመኝ አይደለም፤ ፈረሱ፣ መንገዱና የጉዞው ሰዓት ቀጣዩን ሥራ ራሳቸው ያስታውሳሉ።

ከውጭ የሚያስታውስ ነገር ሰውን ጥገኛ ያደርጋል የሚለው ስጋት ግን ብዙም አያሳምነኝም። ልጁ ጭንቅላቱን የተጎዳበት የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሆኖ በፔጀር መልእክት የሚያስታውስ አገልግሎት ሠራ። ባርባራ ዊልሰንና ባልደረቦቿ በ2001 ባወጡት ጥናት በ143 የማስታወስና የማቀድ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ሙከራውን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፔጀሩን ይዘው ሳለ ቀጠሯቸውንና መድኃኒታቸውን ከበፊቱ በተሻለ ጠበቁ። ከእነዚህ አብዛኞቹ መሣሪያውን ከመለሱ ከሰባት ሳምንት በኋላም መሻሻሉ አብሯቸው ነበር።