የመከላከያ ኢንጂነሪንግና ኮንስትራክሽን ድርጅቶች አመራር፦ አደረጃጀት፣ ኃላፊነትና የአቤቱታ ሥርዓት

የመከላከያ ኢንጂነሪንግና ኮንስትራክሽን ድርጅት ማለት በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ሆኖ ለሀገር መከላከያም ሆነ ለሲቪል ልማት የማምረት፣ የመገንባትና የመጠገን ሥራዎችን በውል የሚያከናውን ተቋም ነው። ከጦር ሠራዊቱ ክፍሎች የሚለየው የራሱ ካፒታል፣ የሥራ አመራርና ሕጋዊ ሰውነት ያለው በመሆኑ ነው። ስለሆነም በስሙ ውል ይዋዋላል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደባይ ጥላት ግን ወረዳ በቁይ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖር ዜጋ ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር በተለያየ ምክንያት ሊገናኝ ይችላል። በግንባታ ቦታ ተቀጥሮ የሠራ፣ ድንጋይና አሸዋ ያቀረበ፣ ማሽን ያከራየ ወይም መሬቱ ለፕሮጀክት የተወሰደበት ሰው ድርጅቱን ማን እንደሚመራውና ለማን ተጠሪ እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። አቤቱታው ለማይመለከተው አካል ከቀረበ ሕጉ የወሰነው ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

ታሪካዊ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ማምረት ሙከራ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት መድፍ ካስፈበረኩበት ጊዜ ጀምሮ ይታወሳል። ከዘመናዊዎቹ የመከላከያ ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው ጋፋት የጦር መሣሪያ ኢንጂነሪንግም የቦታዋን ስም ይዟል። ሆሚቾ የጥይት ኢንጂነሪንግ፣ ደጀን አቪዬሽን ኢንጂነሪንግና ሕብረት ማሽን ቱልስ በዘርፉ ከሚታወቁት መካከል ናቸው።

እነዚህን የመሰሉ ፋብሪካዎች ከሌሎች የመንግሥት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ጋር በአንድ አመራር ሥር የተሰባሰቡት በሰኔ ወር 2002 ዓ.ም. ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 183/2002 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንን በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል አቋቋመ። ኮርፖሬሽኑ በምሕፃረ ቃል ሜቴክ ተብሎ ይታወቃል። በግንባታ ረገድ ደግሞ የመከላከያ ኮንስትራክሽን ኢንተርፕራይዝ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ መንገዶችንና ሕንፃዎችን ሲገነባ ቆይቷል።

የአመራሩ አካላት

በመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25/1984 በተዘረጋው ሥርዓት መሠረት የአንድ የልማት ድርጅት አመራር በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው።

ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፦ የመንግሥትን የባለቤትነት መብት የሚያስከብር አካል ነው። የቦርድ አባላትን ይሾማል፣ የድርጅቱን አፈጻጸም ይከታተላል። መከላከያ ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ በሚሆንበት ጊዜ የበላይ ኃላፊው ሲቪል ነው፤ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን ይደነግጋልና።

የሥራ አመራር ቦርድ፦ የአባላቱ ቁጥር ከ3 እስከ 12 ሲሆን፣ ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጡት በሠራተኞች ጠቅላላ ጉባኤ የሚመረጡ ናቸው። ቦርዱ የድርጅቱን ዕቅድና በጀት ይመረምራል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል።

ዋና ሥራ አስኪያጅ ወይም ዋና ዳይሬክተር፦ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራና ድርጅቱን ወክሎ የሚፈርም ኃላፊ ነው። በሥሩ የምርት፣ የግዥ፣ የፋይናንስ፣ የሰው ኃይልና የፕሮጀክት ኃላፊዎች ይመደባሉ። በመከላከያ ድርጅቶች ውስጥ እነዚህን ቦታዎች ወታደራዊ ማዕረግ ያላቸው መኮንኖችና ሲቪል ባለሙያዎች በጋራ የያዙባቸው ጊዜያት አሉ። ሆኖም ኃላፊው በድርጅቱ ስም የመፈረም ሥልጣን የሚያገኘው ከተመደበበት የሥራ ኃላፊነት እንጂ ከማዕረጉ አይደለም።

የአመራር ለውጥ በኮርፖሬሽኑ

ኮርፖሬሽኑን ከምሥረታው ጀምሮ በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት ክንፈ ዳኘው ሲሆኑ፣ በኋላ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ አግኝተዋል። በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. ዶክተር በቀለ ቡላዶ ተተኩ። ከእርሳቸው በኋላም ብርጋዴር ጄኔራል አህመድ ሀምዛ ተቋሙን መርተዋል።

በዚህ ዘመን ኮርፖሬሽኑ ከተረከባቸው ሥራዎች ትልቁ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ነበር። የሲቪል ግንባታውን የያዘው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነው። የኮርፖሬሽኑ ሥራ በመዘግየቱ መንግሥት ውሉን መንጠቁን በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. አስታወቀ፤ ሥራውም ለውጭ ተቋራጮች ተሰጠ። ግድቡ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በጃዊ ወረዳ የሚገኘው የጣና በለስ ቁጥር አንድ ስኳር ፋብሪካም በኮርፖሬሽኑ ተጀምሮ ከዘገየ በኋላ በቻይና ተቋራጭ ተጠናቋል።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ፣ ኮርፖሬሽኑ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከ37 ቢሊዮን ብር በላይ የሆነ የውጭ ሀገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገልጿል። ከቀድሞ ኃላፊዎች መካከልም በርካቶች ክስ ቀርቦባቸዋል። የክስ መቅረብ በራሱ የጥፋተኝነት ፍርድ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ለአመራር ሥርዓቱ የሚተርፈው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ግዥው፣ ምርቱና ክፍያው በአንድ እጅ ተጠቃለው ቦርዱና ተቆጣጣሪው በወቅቱ ካልጠየቁ ጉድለቱ የሚታየው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ያለው አደረጃጀት

ከለውጡ በኋላ የኮርፖሬሽኑ ፋብሪካዎች ለሁለት ተከፍለዋል። ወታደራዊ ምርት የሚያመርቱት ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ተመልሰው በመከላከያ ኢንዱስትሪ ዘርፍ ተደራጅተዋል። የሲቪል ምርት የሚያመርቱት ደግሞ በብሔራዊ ብረታ ብረት ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ከቆዩ በኋላ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ የሚለውን ስያሜ ይዘዋል። ግሩፑን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ከመሩት መካከል አምባሳደር ሱሌይማን ደደፎ ይገኙበታል።

ስለዚህ በቀድሞው ኮርፖሬሽን ስም የተፈረመ ውል የያዘ ሰው በቅድሚያ የሚለየው ውሉን የፈጸመው ፋብሪካ ወደየትኛው ተቋም እንደተዛወረ ነው። የድርጅት ስም ወይም ሥራ አስኪያጅ መቀየር ዕዳን አያስቀርም። መብትና ግዴታ ለማን እንደተላለፈ የሚታወቀው ከተተኪው ድርጅት የማቋቋሚያ ደንብ ነው።

የተገልጋዩ መብትና የአቤቱታ ቅደም ተከተል

የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች መጠየቅ ከሚገባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቁ በይርጋ ይታገዳሉ። ሠራተኛው በቅድሚያ ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ያመለክታል። መልስ ካላገኘ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ያቀርባል። የቃል ተስፋ ይርጋውን አያቋርጥም።

የመሬትና የንብረት ካሳ፦ መሬት የማስለቀቅ ሥልጣን የአስተዳደሩ እንጂ የሥራ ተቋራጩ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በማስለቀቂያ ትእዛዙ ወይም በካሳው መጠን ቅር የተሰኘ ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ አቤቱታውን ለቅሬታ ሰሚ አካል ያቀርባል። ተቋራጩ ከተፈቀደለት ወሰን ውጭ ሰብል፣ አጥር ወይም የውሃ መውረጃ ቢያበላሽ ግን ተጠያቂው ራሱ ድርጅቱ ነው።

የዕቃና የኪራይ ክፍያ፦ አቅራቢው ውሉን የፈረመው ኃላፊ የመፈረም ሥልጣን እንዳለው አስቀድሞ ያረጋግጣል። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወይም በግል ስም የተሰጠ ደረሰኝ ለክርክር ይዳርጋል።

መረጃ የማግኘት መብት፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካላት እጅ ያለ መረጃ መጠየቅ ይችላል። የሀገር መከላከያና ደኅንነት ምስጢር በሕጉ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን የአንድ ዜጋ የሥራ ክፍያ ወይም የካሳ ስሌት በመከላከያ ድርጅት ስለተሠራ ብቻ ምስጢር አይሆንም።

የአስተዳደር በደልና ሙስና፦ የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሰው በየደረጃው አቤቱታውን አቅርቦ መፍትሔ ሲያጣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል፤ ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። የሙስና ጥቆማ ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለክልሉ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቀርባል።

ለአቤቱታ የሚያስፈልጉ ሰነዶች

አቤቱታ አቅራቢው የውሉን ወይም የቅጥር ደብዳቤውን ቅጂ፣ የሥራ መቆጣጠሪያ ወረቀት፣ የርክክብ ሰነድ፣ የቀበሌ መታወቂያና ቀደም ሲል ያስገባውን ማመልከቻ ቅጂ አሟልቶ ይቀርባል። ለመሬት ጉዳይ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና የካሳ ግምት ሰነድ ይጨመራል። ማመልከቻው ለድርጅቱ እንጂ ለኃላፊው በግል ስም አይጻፍም። ኃላፊው ቢዛወር ወይም ቢነሳ የተተካው ሰው ጉዳዩን ካለበት እንዲቀጥል የሚያስችለው ይህ ነው። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቅጂ ተቀብሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ሳያልፍ ስለ መቅረቡ ማስረጃ ይሆናልና።