ኤር ትራንሳት በረራ 236

ኤር ትራንሳት በረራ 236 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን ሲጓዝ ነሐሴ 18 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2001) በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነዳጁን የጨረሰ፣ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው በአዞረስ ደሴቶች ያረፈ የካናዳ የመንገደኞች በረራ ነው። ኤርባስ ኤ330 አውሮፕላኑ 293 መንገደኞችና 13 የበረራ ሠራተኞች አሳፍሮ ነበር።

የአደጋው መነሻ ከጥቂት ቀናት በፊት የተደረገ የሞተር ቅያሪ ነው። በቀኙ ሞተር ላይ የተገጠመው የሃይድሮሊክ ክፍል ከሞተሩ ሥሪት ጋር ባለመግጠሙ ቱቦዎች ተፋትገው የነዳጁ ቱቦ ተሰነጠቀ። በኮክፒቱ መጀመሪያ የታየው ምልክት ግን ስለ ነዳጅ አልነበረም፤ የቀኙ ሞተር ዘይት ሙቀቱ ዝቅ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተነበበ። አብራሪዎቹ የመሣሪያ ስህተት መሆኑን ጠረጠሩ። በሁለቱ ክንፎች ያለው ነዳጅ መበላለጡን የሚገልጽ መልእክት ሲከተልም የማሸጋገሪያውን ቫልቭ ከፈቱ። የግራው ክንፍ ነዳጅ ወደ ቀኙ ሞተር እያለፈ በስንጥቁ ፈሰሰ። መሣሪያዎቹ ትክክል ነበሩ።

ካፒቴን ሮቤር ፒሼና ረዳት አብራሪው ዲርክ ደ ያገር ሁለተኛው ሞተር ከጠፋ በኋላ ለ19 ደቂቃ ያህል ያለ ሞተር ኃይል ተንሳፍፈው በተርሴይራ ደሴት በሚገኘው የላዤሽ አየር ኃይል ሰፈር አረፉ። 18 ሰዎች ተጎዱ፤ የሞተ የለም።

በበረራ 236 ትክክለኛ ንባብ ስህተት መስሎ ነበር፤ ተቃራኒው ሁኔታ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ደርሷል፤ በዚያ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚገጥመው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ የሰጠው ንባብ በእርግጥ የተሳሳተ ነበር፤ 157 ሰዎችም ሞተዋል።