የቦይ ስካውት ታሪክና የብቸና የሞጣ ቤተሰብ

ቦይ ስካውት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኮፍያውን፣ በአንገት የሚታሰረውን ጨርቅና ፊሽካውን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ የብቸና ወይም የሞጣ አባት ትንሹን ልጁን ለዚህ ማኅበር እንዲሰጥ ቢጠየቅ፣ የአገሩ ታሪክ ምን ብሎ ይመክረዋል የሚለው ነው።

የማኅበሩ መሥራች ሎርድ ባደን ፖዌል የእንግሊዝ ጄኔራል ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ማፍኪንግ በምትባል ከተማ ቦኤሮች ለ217 ቀን ከበዋቸው ሳሉ፣ የከተማይቱ ልጆች መልእክት እያደረሱ ወታደሩን ሲያግዙ አዩ። በሐምሌ ወር 1899 ዓ.ም. ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ሰብስበው በድንኳን አሰፈሩ፤ የባለጸጋውን ልጅ ከሠራተኛው ልጅ ጋራ ቀላቅለው እሳት ማንደድ፣ ገመድ መቋጠርና ዱካ መከተል አስተማሯቸው።

ወደ ጉዳያችን የሚቀርበው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ታናናሽ ወንድሞች «እኛስ?» እያሉ ስላስቸገሩ በ1909 ዓ.ም. የራሳቸው መጽሐፍ ተጻፈላቸውና «የተኩላ ግልገሎች» ተባሉ፤ በስድስት በስድስትም ተመደቡ። ስሙ የተወሰደው ከኪፕሊንግ የጫካ ተረት ነው። (በግ የሚያረባ የሞጣ ገበሬ፣ ልጁ የተኩላ ግልገል ሆኖ መጣሁ ቢለው ምን እንደሚመልስለት መገመት አያዳግትም።) በአሜሪካ አገር ይኸው ሥራ በ1922 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ እናቶች የሰፈሩን ልጆች በየቤታቸው እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ ትንሹ ልጅ ሲገባ ቤተሰቡም አብሮ ይገባል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስካውት የገባው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በተማሪዎች ዘንድ ይታወቅ ነበር። ከነጻነት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ጥበቃ ሥር ቆየ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተቋረጠ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ቆመ፤ አሁን ልጃገረዶችም ይገቡበታል።

በጎጃም ግን ልጅ ከቤት ወጥቶ ችግርን የሚለምድበት ሥርዓት ከብራውንሲ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነበረ። ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሊማር የሚሄደውን የቆሎ ተማሪ እንመልከት። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ ይሄዳል፤ ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ታላቁ ታናሹን ያስጠናል፤ የሀብታም ልጅም ቢሆን ለምኖ ይበላል። ከዚህ የበረታ የስካውት ትምህርት ያለ አይመስለንም። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ብዙው ተማሪ የሚሄደው ከወላጁ ጠፍቶ ነው። አባት ለከብቱ ይፈልገዋልና አይሰናበተውም፤ እናት ልጇ የት እንደ ገባ ሳታውቅ ዓመታት ያልፋሉ። የታናናሾቹ ስካውት ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጀመርም።

ገመድ መቋጠርንም ቢሆን የሞጣ ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም። በዓባይ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጠላት ዘመን መካከሉ ስለ ፈረሰ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር አፈረሱት ይባላል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው የሚሻገረው፣ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎች በገመድ እየሳቡት ነበር። ቋጠሮው ቢላላ ሰውዬው ዓባይ ውስጥ ነው። በብቸና በኩልም በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ሲዋጋ ስንቅ ያቀበለውና መንገድ ያሳየው የየመንደሩ ቤተሰብ ነበር። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ልጁን ለአገልግሎት መስጠት አያውቅም የሚለን ቢኖር አንቀበለውም።

የሚያስፈራው መዝገቡ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ሞጣና ብቸና በመጀመሪያ ከተነሡት አውራጃዎች ውስጥ ነበሩ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ መሬቱ ከተገመተ ነገ ርስቱ ይሄዳል ብሎ ነው። ነገሩ በጦርና በአውሮፕላን ድብደባ ደም አፈሰሰ። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርኩት ነገር ስላለ፣ ቅጽ ይዞ «የልጅህን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም» እያለ የሚመጣ ሰው መልካም አቀባበል ባያገኝ አይደነቅም። በእኛ አስተያየት መሪው ከቅጹ በፊት ራሱን ማስመዝገብ ይገባዋል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ልጆቹን ወዴት እንደሚወስድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ በየቤቱ ገብቶ ይናገር።

ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከብቱን ማን ይጠብቃል? ኮፍያና ፊሽካ ለዚህ መልስ አይሆኑም። ጎረቤታሞች ከብታቸውን አንድ ላይ ነድተው በተራ የሚያስጠብቁበት ልማድ ግን አለ። የስድስት ቤት ልጆች አንድ ምድብ ቢሆኑና ስብሰባቸው በመስኩ ላይ፣ በከብቶቹ አጠገብ ቢደረግ፣ ዱላውም ገመዱም በእጃቸው ነው፤ የሚቀር ልጅም የለም፤ እናቶችም ምሳውን እዚያው ይልኩላቸዋል።